ሠላሳ አንድ ቁጥር፣ እስከ ዓርብ

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አለቃዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ? እኔ ደህና ነኝ። ግራ የገባው ሰው ደህና ይባል እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬም በሰዓቱ እገባለሁ። ልጃችንም ደህና ናት። ፈተና ደርሶባታል፤ በደወለች ቁጥር ግን የምታወራኝ ስለ ፈተናው ሳይሆን ስለ አንተ ነው። "ራሱን ጠይቂው" ስላት "እሱማ 'እሺ' ብቻ ነው የሚለኝ" ትላለች። በዚህስ እንኳ ለማንም አታዳላም።

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የመቆፈሪያው ማሽን ከኋላህ እየጮኸ፣ ያን የሚያክል ጆሮ ይዘህ አልሰማ አልከኝ። በሁለተኛው "ምነው፣ ምን ሆንሽ?" ስትለኝ "ምንም፣ ወገብህ እንዴት ነው?" ብዬ ዘጋሁት። ስለዚህ ልጻፈው። የድርጅታችሁ ሾፌር ማክሰኞ ጠዋት ወደ እናንተ እንደሚመለስ ነግሮኛል፤ እስከዚያ እየጨማመርኩ እሰጠዋለሁ። ጽሑፌ ቢዘበራረቅብህ አትፍረድብኝ፤ የተዘበራረቀው ጭንቅላቴ ነው።

ጥሩምባን ታስታውሳታለህ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይኼ። እንደምታስታውሳት አውቃለሁ። ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ስንኖር ስንት ጊዜ አነሳናት? እኔ ትዝ የሚለኝ አንድ ቀን ነው። ልጃችን አሥረኛ ክፍል የገባች ሰሞን "አሳሳቋ የጥሩምባን አይመስልህም?" ስልህ ተነስተህ ወደ ማድቤት ሄድክ። ውሃ ጠምቶህ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ወር ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮዬ ገብቶ "እትዬ፣ የድሮ የክፍል መዝገቦች በሙሉ ኮምፒውተር ውስጥ ይግቡ ተብሏል" አለኝ። ልጅ እግር ነው፤ "ተብሏል" ሲል ማን እንዳለ አይናገርም። ከቢሮዬ ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት ታውቀዋለህ፣ ጣሪያው የሚያፈሰውን። አሥራ አንድ ዓመት እዚያ መዝገብ ቤት ስሠራ፣ የእኛ ዓመት መዝገቦች ያሉበት መደርደሪያ ላይ እጄን አሳርፌ አላውቅም። ጊዜ አጥቼ ነው ብል ውሸት ነው። ሌላ ሰው ወረቀት ሲጠይቀኝ በአምስት ደቂቃ አወጣለታለሁ። በእኛ ዓመት የተማረ ሰው ከመጣ ግን ባልደረባዬን "አንቺ አውጪለት፣ አቧራው ያስነጥሰኛል" እላታለሁ። ምክንያቱን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለአንተም ቢሆን።

ስም አጠራሩን አስታውስ እስቲ። የክፍል ኃላፊያችን የሒሳብ አስተማሪው ነበሩ፣ መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ የሚያክለው። ወይስ የታሪኩ ናቸው? አይ፣ የሒሳቡ ናቸው። ስም መጥራት ጊዜ ይፈጃል ብለው በቁጥር ነበር የሚጠሩን። ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ "ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ" ይላሉ፣ እኛ "አቤት፣ አቤት" እንላለን፤ መልስ ያልሰጠው ላይ በእርሳስ "ቀ" ብለው ይጽፋሉ፣ ቀሪ ለማለት። አንተ ሰባት ቁጥር፣ ጥሩምባ ሠላሳ አንድ፣ እኔ ሠላሳ ሁለት። የሷ "አቤት" ሦስት ክፍል አልፎ ስለሚሰማ ነው ጥሩምባ ያልናት። የእኔ ድምፅ ለራሴም አይሰማኝም ነበርና ትንኝ አላችሁኝ። ትንኝ ያለችኝ እንዲያውም እሷ ራሷ ናት።

ዓርብ ሲሆን ደግሞ አንተ፣ የክፍሉ አለቃ፣ የሳምንቱን ወረቀት ከመምህሩ ትቀበልና ትልቁ ቀይ መዝገብ ላይ በቀለም ትገለብጠዋለህ፤ ለመጣው አጭር ጭረት፣ ለቀረው "ቀ"። ከዚያ ወስደህ ቢሮ ታስገባለህ። የእርሳሱን ወረቀት ከመዝገቡ ጋር የሚያመሳክር ሰው አልነበረም። ሃያ ቀን የቀረ ተማሪ ቁጥሩ በቀይ ይሰረዝና ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ፈተና አይቀመጥም። ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። የምጽፈው ለራሴ እንዲገባኝ ነው።

የጥሩምባ ፊት ማበጥ ሲጀምር "ወፈርሽ፣ ምን ተገኘ?" እያልን ሳቅንባት። የጀመርኩት እኔ ነኝ። እሷም ጉንጮቿን ይዛ አብራን ሳቀች። ኩላሊቷ መሆኑን የሰማነው ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጠይቃት ሄጄ አልጋው ላይ ያለችው እሷ መሆኗን ያወቅኩት በድምጿ ነው፤ እሱም ግማሹ ብቻ ነበር የቀረው። እናቷ ለሥራ ሌላ አገር ስለነበሩ የምታስታምማት አክስቷ ነበረች። ጥሩምባ እጄን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ፤ "ቁጥሬን እንዳይሰርዙብኝ። ከዚህ ስወጣ ፈተና እቀመጣለሁ።" እኔም "እኔ እያለሁ?" አልኳት። እንዴት በቀላሉ እንደተናገርኩት።

ከማግስቱ ጀምሮ ሁለት ጊዜ አቤት እል ጀመር። ለሠላሳ አንድ አንገቴን ጠረጴዛው ሥር ደብቄ፣ ድምፄን አወፍሬ፤ ለሠላሳ ሁለት ቀና ብዬ በራሴ የትንኝ ድምፅ። ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ ሳቃቸውን ሲያፍኑ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር። አንተ ብቻ አንድም ቀን ዞረህ አላየኸኝም። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ሰኞ መምህሩ እርሳሳቸውን አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ቀና አሉና "ሠላሳ አንድን ጉንፋን ይዟታል እንዴ?" አሉ።  መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

በማግስቱ "ሠላሳ አንድ" ሲሉ ዝም አልኩ። በሚቀጥለውም ቀን ዝም አልኩ። አምስት ሳምንት ዝም አልኩ፣ አለቃ። ልጠይቃትም አልሄድኩም፤ "ቁጥሬስ?" ብትለኝ ምን ልመልስላት ነው? ማስታወቂያ ሰሌዳውን ላለማየት በጀርባ በር ነበር የምገባው። ከዚያ ሞተች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የማውቀው ይህን ብቻ ነው፤ ሠላሳ አንድ ቁጥርን ያሰረዝኳት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት መዝገቡን አወጣሁት። ቀይ ጀርባው ተላጦ ክሩ ይታያል። ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ "ቀ" የሚል የለም። አንድም የለም። ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ወደ ግራ ዘመም ያለ፣ ያንተ እጅ። መስመር የተሳሳትኩ መስሎኝ ማስመሪያ አምጥቼ ቁጥሩ ላይ ጋደም አድርጌ ተከተልኩት። እኔ አቤት ባልኩላት ሁለት ሳምንት መጥታለች። ዝም ባልኩባትም አምስት ሳምንት መጥታለች። ሠላሳ ሁለት ቁጥር እንኳ በዚያ ወር ሁለት ቀን ቀርታለች፤ እሷ አንድ ቀን አልቀረችም።

በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። የሞተችው ማክሰኞ ነው። ይህን አልስትም፤ በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመህ "ባለፈው ማክሰኞ" ብለህ የነገርከን አንተ ነህ። መዝገቡ ላይ ግን ረቡዕ መጥታለች። ሐሙስም፣ ዓርብም። ከሞተች በኋላ ሦስት ቀን ክፍል ውስጥ ነበረች ይላል፣ በአንተ እጅ።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሩ ለመጣ አንድ፣ ለቀረ ዜሮ ነው የሚቀበለው፤ "አላውቅም" የሚል ቁልፍ የለውም። ርዕሰ መምህሩን "መዝገቡ ራሱ ስህተት ቢኖርበትስ?" ብዬ ጠየቅኩት። "እትዬ፣ የተጻፈውን ይጻፉ፤ እኛ ምን አገባን?" አለኝ።

ለምን አደረግከው? ለሷ ብለህ ነው? ወይስ የክፍላችን ወረቀት እንዲያምርልህ? ሥርዓት ስትወድ ለጉድ ነው፤ ካልሲ እንኳ በቀለም የምትደረድር ሰው ነህ። ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብን ግን በምንም ልተረጉመው አልቻልኩም። ከሁሉ በላይ ያመመኝን ልንገርህ። አንተ የእርሳሱን ወረቀት ታይ ነበር። ዝም ማለቴን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለህ። እንግዲያው ስታገባኝም ታውቅ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ማዶ ለማዶ ቁጭ ብለን ቁርስ ስንበላም። ስታየኝ ማንን ነበር የምታየው? ከሁለት ዓመት በፊት "ከአንተ ጋር መኖርና ብቻዬን መኖር ልዩነቱ አልታየኝም" ያልኩህ ቀን፣ ሻንጣህን አንስተህ "እሺ" ስትለኝ፣ እሱም በሆድህ ነበር?

ይኼ ሳይበቃኝ ከትናንት ወዲያ እናቷ መጡ።

አጠር ያሉ፣ ንጹሕ ሹራብ የለበሱ ሴትዮ ናቸው። ፕላስቲክ ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው "ልጄ፣ እዚህ የተማረች ልጅ ነበረችኝ፤ ስሟ ያለበት አንድ ወረቀት ባገኝ ብዬ ነው" አሉኝ። ወደ ወንድ ልጃቸው ቤት ሊጠቃለሉ ዕቃ ሲያስሩ፣ የሷ የሆነ ማኅተም ያረፈበት አንድ ወረቀት እንኳ እንደሌላቸው አዩ። ዓመቱን ሲነግሩኝ የእኛው ዓመት ነው፣ ስሟም የጥሩምባ። እሳቸው አላወቁኝም፤ ያኔ አይተውኝ አያውቁም። ባልደረባዬን ልጠራ አፌን ስከፍት ባልደረባዬ የለችም፣ መዝገቡ ደግሞ ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል።

"የትኛዋ ናት?" አሉኝ። ጣቴን ሠላሳ አንድ ላይ አደረግኩ።

"ይኼ ጭረት ምንድን ነው?"

"መጥታለች ማለት ነው።"

"ይኼ ሁሉ?"

"አዎ።"

"ሆስፒታል ተኝታ አልነበር እንዴ?"

 መልሴንም አልጠበቁም። ያኔ እህታቸው፣ ጥሩምባን ያስታመመችው አክስት፣ በጻፈችላቸው ደብዳቤ ልጅቷ ከአልጋ ሳትወርድ "በዚህም ሳምንት አንድ ቀን አልቀረሁም" እያለች ታወራለች፣ ትኩሳቱ ነው የሚያቃዣት ብላቸው ነበር። "ሃያ ስድስት ዓመት፣ ልጄ አእምሮዋን ስታ ነው የሞተችው እያልኩ ኖርኩ" አሉኝ። "ለካ እውነቷን ነው። ትመጣ ነበር።" ጣታቸው ጭረቶቹን እየተከተለ መጨረሻ ላይ ደረሰ። "ማክሰኞ ነው ያሉኝ። ይኼ እስከ ዓርብ ነው።" ቀና ብለው አዩኝ። "ሦስት ቀን ጨመርሽልኝ፣ ልጄ።"

እስከ ዓርብ ትማር እንደነበር ጽፌ ማኅተም እንዳደርግበት ለመኑኝ። "ሰኞ ይመለሱ፣ እናቴ" አልኳቸው። ማኅተሙ እጄ ሥር ነበር።

አሁን ምን ልጻፍላቸው? እስከ ዓርብ ተምራለች ብል ለአንዲት እናት የሐሰት ወረቀት ሰጠሁ። አልመጣችም ብል ደግሞ በአንድ ቃል ልጃቸውን መልሼ አልጋዋ ላይ አስቃዣታለሁ። ልጅቷስ ራሷ "አልቀረሁም" ያለችው ከምን ተነስታ ነው? መዝገቡን አላየችው። ወይ እሷ ትቃዣለች፣ ወይ አንተ፣ ወይ እኔ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ዛሬም ምንም አልገባኝም። አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝና ሳልረሳው ልጻፈው።

ያኔ፣ በዚያች ሳምንት ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ፣ እኛ እሷ መሞቷን ገና ሳንሰማ፣ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ደረጃ ላይ ተቀምጠህ አይቼሃለሁ። ቢሮው ተዘግቷል፤ ትልቁ መዝገብ ጉልበትህ ላይ ነው። "አለቃ፣ ቢሮው ተዘጋብህ እንዴ?" ብዬ ተረብኩህ። "ዘገየሁ" አልክ። ፊትህ ቀልቷል፣ ጆሮህ ደግሞ ከፊትህ ብሷል። ፀሐይ የመታህ መስሎኝ "ሂድ ውሃ ጠጣ" ብዬህ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አንተ ዘግይተህ አታውቅም ነበር። ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፤ እንዲያው ትዝ ስላለኝ ነው።

የሕንፃችን ኮሚቴ ሴትዮ ደግሞ ዛሬ ለሦስተኛ ጊዜ መጣችብኝ። የነዋሪዎችን ዝርዝር እያደሰች ነው። በሩ ላይ ብዕሯን ይዛ "ባለቤትሽ አለ ይባል ወይስ ይሰረዝ? አንዱን ንገሪኝና ልገላገል" አለችኝ። "ሰኞ ተመለሺ" አልኳት። በዚህ ሳምንት ሰውን ሁሉ ሰኞ ተመለሱ እያልኩ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 17

አለቃ፣ እናቷ መጥተው ሄዱ። ታግሰህ አንብበው።

ገና ሳልናገር ከከረጢታቸው የእህታቸውን የድሮ ደብዳቤ አወጡ። ቀኑን ሊያረጋግጡ ፈልገው ነው ያመጡት። "ይኼው፣ ማክሰኞ ይላል። ያንቺ መዝገብ ዓርብ ይላል። እህቴ ነፍሷን ይማረውና ዋሽታ አታውቅም። የቱን ልመን?" አሉኝ። ፊታቸው እንደ እኔው ግራ ተጋብቷል። ያን ጊዜ ወረቀቱን ጽፎ ማኅተም መምታት አቃተኝ። በሩን ዘጋሁና ነገርኳቸው። ሁሉንም። ጓደኛዋ እንደነበርኩ፣ በሷ ድምፅ አቤት እል እንደነበር፣ ፈርቼ እንደተውኩ፣ ልጠይቃት እንዳልሄድኩ፣ መዝገቡ ላይ ያለው ሁሉ ውሸት እንደሆነና የጻፈውም የክፍላችን አለቃ እንደነበረ። "ለምን እንደጻፈው አላውቅም" አልኳቸው። "ይቅር ይበሉኝ" ማለት ፈልጌ ድምፄ አልወጣም፤ ትንኝ አይደለሁ?

ደብዳቤውን አንስተው ገለጡት። ከዚያ "ያ የጻፈው ልጅ ጆሮው ትልቅ ነው?" አሉኝ።

ሳቅኩ። እዚያ ቦታ መሳቄ ነውር ነው፣ ግን ሳቅኩ። "በጣም" አልኳቸው። ደብዳቤውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና "ሁለተኛውን ገጽ አንብቢ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ያልገባኝ እሱ ነው" አሉ። አንብቤ ስጨርስ ፈቅደውልኝ ገለበጥኩት። ይኸውልህ፦

"አንድ ጆሮው ትልቅ ልጅ ዓርብ ዓርብ በምሳ ሰዓት ሰፊ መዝገብ ታቅፎ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ የሆስፒታሉ ጸሐፊ መስሎኝ ተነስቼ ቦታ ለቀቅኩለት። ወሬ አይወድም። መዝገቡን ደረቷ ላይ ይከፍትላታል፤ እሷ በጣቷ እየቆጠረች ትስቃለች። 'ማን አቤት አለልኝ?' ትለዋለች፤ 'ትንኝ ናት' ይላታል። እሱ ሲሄድ 'ትንኝ ዛሬም ጮኸችልኝ፣ በዚህም ሳምንት አልቀረሁም' እያለች ታወራልኛለች። ትኩሳቱ ነው እያልኩ ግንባሯን አቀዘቅዝ ነበር። በመጨረሻዋም ዓርብ ልጁ መጣ። እኔም ልብሷን ልወስድ ሄጄ አገኘሁት። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ነበር። 'መቼ?' አለኝ፤ ማክሰኞ አልኩት። መዝገቡን ከፍቶ አየውና 'ግን እኮ ጽፌዋለሁ' አለኝ። ምን እንደጻፈ አልገባኝም፤ ልጠይቀው ስል እያለቀሰ ሄደ።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሳምንቱን በሙሉ ዓርብ ጠዋት ሞልተህ ነበር የምትሄደው፣ ለሷ ልታሳያት። የዚያችንም ሳምንት ሞልተህ ነው የሄድከው። ከዚያ መጥተህ ደረጃው ላይ ተቀመጥክ፤ እኔ ደግሞ ውሃ ጠጣ አልኩህ።

ትንኝ ናት ብለሃታል። አምስት ሳምንት ሙሉ፣ እኔ በጀርባ በር እየገባሁ፣ አንተ ሆስፒታል ሄደህ ትንኝ ናት ትላታለህ። ጥሩምባ ቃሌን የጠበቅኩ መስሏት ሞተች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እንደካድኳት ሆኜ ስኖር፣ እሷ ዘንድ ስሜ አልጎደፈም ነበር። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ቁርስ ላይ፣ "ታውቂያለሽ፣ እንዲህ ብያት ነበር" ብትለኝ ምን ነበረበት? ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ። ከንዴቱ ጋር የመጣውን ሌላውን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

እናቷ ስለ እኔ ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩም። "እንግዲያው ልጄ አልቃዠችም" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። "ያየችውን ነው ያወራችው።" ከዚያ ወደ መዝገቡ ጎንበስ ብለው የመጨረሻዎቹን ሦስት ጭረቶች አዩ። "እነዚህን ለምን አልፋቃቸውም?" አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። አውቃለሁ ግን። አንተ የጻፍከውን ፍቀህ አታውቅም።

ወረቀቱን እሳቸው እያዩ ጻፍኩት። ስሟን በሙሉ ጽፌ፣ በመዝገብ ቁጥር ሠላሳ አንድ የተመዘገበች የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ እንደነበረች፣ በሕመም ምክንያት ሆስፒታል ተኝታ ማክሰኞ ዕለት እንዳረፈች፣ እስከዚያች ቀን ድረስም ከመዝገብ እንዳልተሰረዘች። ውሸት የለበትም። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታሁት፣ የመጀመሪያው ደብዝዞ ነበር። እናቷ ወረቀቱን ከእህታቸው ደብዳቤ ጋር ከረጢቱ ውስጥ ከተቱት። በሩ ላይ ዘወር ብለው "ያን ልጅ ታገኚዋለሽ?" አሉኝ። "ባሌ ነው" አልኳቸው። ተመልሰው መጥተው ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝና "አንዱ የሱ ነው፣ አድርሽለት" ብለውኝ ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ። ለሰባቱም ሳምንት አንድ፣ አንድ፤ ለመጨረሻዋ ረቡዕ አንድ፣ ለሐሙስ አንድ፣ ለዓርብ አንድ። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ሐሰት መሆኑን እያወቅኩ ያስገባሁት ይኼን ብቻ ነው። ተመልሼም ደግሜ አየሁት፤ ልክ ገብቷል።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ይቀረኛል። ትወዳት ነበር? ብትወዳትም አልቀየምም። እሺ፣ ትንሽ እቀየማለሁ። ግን ከእንግዲህ የማልችለው አለመስማትን ነው። በ"እሺ" እንዳትመልስልኝ። ሾፌሩ ሲመለስ ደብዳቤ ይዞልኝ ይምጣ፣ ወይም አንተን ራስህን ይዞህ ይምጣ፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል እነግርህ ነበር፣ ግን ወረቀቱ እያለቀ ነው።

እንዳልረሳው፤ የኮሚቴዋ ሴትዮ ማምሻውን መጥታ ነበር። ብዕሯን አውጥታ "እህ?" አለችኝ። "አለ" አልኳት። ኮሪደሩን አሻግራ አይታ "የታለ? ሁለት ዓመት ሙሉ በዓይኔ አይቼው አላውቅም" አለች። "አለ አልኩሽ፣ ጻፊው" አልኳት። ጻፈችው፣ በቀለም። አሁን እንግዲህ ነገሩ በአንተ እጅ ነው፣ አለቃዬ፤ እንዳታስዋሸኝ።

ወገብህን ይማርልህ፣ ካለህበት መልካሙን ያሰማኝ። እዚያ ማሽን ሥር ስትቆም ጆሮህን ሸፍን። የእናቷን መሳም ሳደርስልህ አንተም ጉንጭህን አዘጋጅ።

ትንኝህ፣
ሠላሳ ሁለት ቁጥር